የቁጥር አደራ፦ ስለ ሲም ካርድ፣ ስለ ኢሲምና ስለ መንገደኛ ግዴታ

መርዶ በአገራችን ወግ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲያርፍ ዘመድ አዝማድ ተመካክሮ፣ ለሐዘንተኛው የሚቀርቡ ሽማግሌዎችን መርጦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩን ያስንኳኳል። ሐዘንተኛው የሚጠብቀው ቃል ብቻ አይደለም፤ ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ጎረቤት አስቀድሞ ተሰናድቶለታል። ሰው በባዕድ አገር ቢሆንም ይህ ወግ አይቀርም። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ካምፓላ ወይም ወደ ጁባ የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን በዚያ ከተማ ለሚኖር ወዳጁ ነው። «እባክህ፣ ሰው ይዘህ ሂድና ንገረው» ይባላል።

እኔ ግን ያሳደገችኝን አክስቴን ሞት ያወቅሁት ዱባይ ውስጥ፣ ዴራ በሚባለው ሰፈር በአንድ የባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ ከቀፎዬ መስታወት ላይ ነው። የሩቅ ዘመድ የሆነ ልጅ ፎቶግራፏን ከሻማ ሥዕል ጋር አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎበት ነበር። በዙሪያዬ ብዙ ሕዝብ ይተላለፋል፤ ስሜን የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደሆነ ኋላ መለስ ብዬ መርምሬዋለሁ። ከምኖርበት ከናይሮቢ ለአሥር ቀን ሥራ ከመነሣቴ በፊት በነበረው ምሽት፣ ኢሲም የሚባለውን ገዝቼ ቀፎዬ ላይ ጫንኩ። የኬንያ መስመሬን፣ ሂሳብ ይቆልልብኛል ብዬ ዘጋሁት። የገዛሁት ኢሲም ለመንገደኛ እንደሚሸጡት እንደ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ፣ የሚደወልበት ቁጥር የሌለው ነበር። አውሮፕላኑ አርፎ ገና በመንደርደር ላይ ሳለ ቀፎዬ ነቃ። ካርታው መንገዱን አሳየኝ፤ ታክሲውን በስልክ ጠራሁ፤ ሆቴሌ በር ላይ እስክወርድ ድረስ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ቁም ነገር አልተነጋገርኩም። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንንም ሳላስቸግር በመድረሴ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አክስቴ አረፈች። ወንድሜ በወጉ መሠረት ናይሮቢ ላሉ ወዳጆቼ ደወለ፤ እነርሱም ዱባይ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን አፈላልገው አገኙ። ሁለቱም ከዚያ በፊት አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከሥራቸው አስፈቅደው ተዘጋጁ። የጎደለው የት እንዳረፍኩ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። ከወዳጆቼ አንዱ በዋትሳፕ «ሰላም ነህ ወይ? የት አረፍክ?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም የዘወትር ሰላምታ መስሎኝ «ደኅና ነኝ፣ ዱባይ ነኝ» ስል መለስኩለት። ደግሞ ቢጠይቀኝ እጠረጥራለሁ ብሎ ፈርቶ ዝም አለ። መስመር ላይ መኖሬን ሁሉም ያያሉ፤ ያለሁበትን ማንም አያውቅም። እነርሱ ሲመካከሩ የሻማው ሥዕል ቀደማቸው።

ይህን የምጽፈው ኢሲምን ለመክሰስ አይደለም። ቀፎው የታዘዘውን ፈጽሟል፤ መስመሩን የዘጋሁትም፣ አድራሻዬን ለሰው ያልተውኩትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ያን ቀን የተነሣብኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተወኝም። መንገደኛ የመገኘት ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ለማን ነው? ለትቷቸው ለመጡት፣ ወይስ ለሄደባቸው?

ቁጥራችን የት ነው ያለው?

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሲም ካርድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1991 በጀርመን አገር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ገዢ ራዲዮሊንያ የተባለው የፊንላንድ የስልክ ድርጅት ነበር። ብዙዎቻችን ስልክ ቁጥራችን በካርዱ ውስጥ ያለ ይመስለናል። በካርዱ ውስጥ ያሉት ዋና ነገሮች ግን ሌሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ15 አኃዝ የማይበልጥ መለያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገርን ያመለክታሉ፤ 636 ኢትዮጵያን፣ 639 ኬንያን፣ 641 ኡጋንዳን። ሁለተኛው ከካርዱና ከድርጅቱ በቀር ማንም የማያውቀው የምሥጢር ቁልፍ ነው። ቀፎው ወደ ኔትወርክ ለመግባት ሲጠይቅ ኔትወርኩ በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር ይልክለታል፤ ካርዱም ያንን ቁጥር ከምሥጢሩ ጋር አስልቶ ይመልሳል። መልሱ ከገጠመ በሩ ይከፈታል። ምሥጢሩ ራሱ ግን ከካርዱ አይወጣም።

ሰዎች የሚደውሉልን ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ፣ ከመለያው ጎን ተጽፎ ይኖራል። ካርዳችን ቢጠፋ ቁጥራችን በአዲስ ካርድ ተመልሶ የሚሰጠን በዚህ ምክንያት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳንጠቀምበት ብንቀር ደግሞ ድርጅቱ ለሌላ ሰው ሊሰጠው የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ «ቁጥሬ» የምንለው ነገር የሚኖረው በሌሎች ዘንድ ነው፤ በድርጅቱ መዝገብ፣ በወዳጆቻችን ቀፎ፣ በእናታችን ማስታወሻ ደብተር። በዚህ ረገድ ስምን ይመስላል። ስማችን የእኛ ነው እንላለን እንጂ የሚጠሩበት ሌሎች ናቸው።

ኢሲም ይህን አሠራር አልለወጠውም፤ የለወጠው ማደሪያውን ነው። ካርዱ ቀርቶ ቺፑ ከቀፎው ጋር ተበይዶ ይመጣል፤ መለያውና ቁልፉ በኢንተርኔት ይጫናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘን የሆነ የኮድ ምስል በካሜራ በማንበብ። ለግል ስልኮች የሚያገለግለውን ደንብ የዓለም የሞባይል ድርጅቶች ማኅበር ያወጣው በ2016 ነው። በ2022 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው አይፎን 14 ጭራሹን የካርድ ማስገቢያ አልነበረውም። ለመንገደኛ የሚሸጠው ኢሲም ብዙ ጊዜ የሦስተኛ አገር ድርጅት ነው። በዚህ የተነሣ ዱባይ ተቀምጦ የሚጠቀምበት ሰው ኢንተርኔቱ በሌላ አገር በር ሲገባና ሲወጣ ሊገኝ ይችላል። አካሉ በአንድ አገር፣ መስመሩ በሌላ አገር ነው።

ስለዚህ የዛሬ መንገደኛ በፊቱ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው የአገሩን ቁጥር ይዞ መሄድ፣ ማለትም ሮሚንግ ነው። በዚህ ረገድ ምሥራቅ አፍሪካ ከብዙዎች ቀድሟል፤ ሴልቴል የተባለው ድርጅት በ2006 ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛንያን በአንድ ኔትወርክ አገናኝቶ፣ ደንበኞቹ ድንበር ሲሻገሩ የሚደወልላቸውን ያለ ክፍያ እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በአባል አገሮቹ መካከል የሮሚንግ ጭማሪን ያስቀረው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በሰኔ 2017 ነው። ሁለተኛው መንገድ በደረሱበት አገር ሲም ገዝቶ የዚያን አገር ቁጥር መያዝ ነው። ሦስተኛው ኢንተርኔት ብቻ በሚሰጥ ኢሲም መሄድ ነው። የመጀመሪያው ስሙን ይዞ ይጓዛል፤ ሁለተኛው በእንግድነት አገር አዲስ ስም ይቀበላል፤ ሦስተኛው በዚያ አገር ስም ሳይኖረው ያልፋል። የዋጋቸውን ልዩነት ሻጮቹ ይነግሩናል። እኔ ልመረምር የፈለግሁት ሌላውን ልዩነታቸውን ነው።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ

በሞያሌ በኩል በአውቶቡስ ናይሮቢ የገባ ኢትዮጵያዊ፣ ኢስሊ ከወረደ በኋላ ከሚፈልጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ «ላይን» ነው፤ ሲም ካርዱን የናይሮቢ አበሻ የሚጠራው እንዲህ ነው። ፓስፖርቱን ይዞ ከሻጩ ፊት ይቆማል። ስዋሂሊ አይችልም፤ ስለዚህ የሚያስተረጉምለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የማያውቀው ያገሩ ልጅ ነው። ካርዱ ተመዝግቦ እስኪከፈት ድረስ ወሬ ይጀመራል፤ ከየት መጣህ፣ የት ልታርፍ ነው፣ ማንን ታውቃለህ ይባባላሉ። ሻጩ ኤምፔሳ አብሮ ይከፍትለታል፤ ይህ ከ2007 ጀምሮ በኬንያ የሠራ የስልክ ገንዘብ ነውና ያለ እርሱ ሽንኩርት መግዛትም ያስቸግራል። በአዲሱ ቁጥር የመጀመሪያው ጥሪ ለእናት ነው፤ «ይሄ ቁጥሬ ነው፣ ያዢው» ይባላል። እናትም የጎረቤት ልጅ ጠርታ በደብተር ታስጽፈዋለች።

ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው የፈለገው መደወል ብቻ ነበር። ሳያስበው ግን ሦስት ነገር አግኝቷል። በከተማው ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው አለ፤ ያረፈበትን የሰማ ሰው አለ፤ በአገሩ ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የአገሩን ኔትወርክ በአገሩ ካርድ ለመጠቀም ብሎ ከአገሩ ሰው ጋር ተገናኝቷል።

ያ ሁሉ መቸገር በጎ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የሲም ሻጭ በረንዳ ጣጣም አለበት። የፓስፖርት ቅጂ ከማይታወቅ ሰው እጅ ይገባል፤ በአንዱ ስም ሌላ መስመር ተከፍቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። በአውሮፕላን ማረፊያ ለእንግዳ የሚጠራው ዋጋ በከተማው ውስጥ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ማስረጃ የሌለው ሰው ቁጥር ማግኘት አለመቻሉ ነው። በኡጋንዳ ስደተኞች በስደተኛነት ወረቀታቸው ሲም ማስመዝገብ እንዲችሉ በር የተከፈተው በ2019 ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙዎች በሌላ ሰው ስም በወጣ ካርድ ሲጠቀሙ ኖረዋል። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ቁጥር ደግሞ ባለስሙ በፈለገ ጊዜ ሊወስደው የሚችል ንብረት ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት በ2012 የሲም ባለቤቶችን ሁሉ እንደ አዲስ ሲያስመዘግብ ለዘመቻው የሰጠው ስም «ቁጥሬ ማንነቴ» የሚል ነበር። ስሙ ያማረ ነው። ሆኖም መንግሥት ቁጥርህ ማንነትህ ነው ሲል፣ ማስረጃ ለሌለው ሰው ምን እያለው እንደሆነ ማሰብ ይገባል።

ኢሲም ከዚህ ጣጣ ብዙውን ያስቀራል። ከወረፋው፣ ከአጭበርባሪው፣ በእኩለ ሌሊት በማያውቁት ከተማ ያለ ካርታ ከመቅረት ያድናል። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የኢሲምን ጥቅም የሚያቃልል ክርክር ከወዲሁ የተረታ ነው። ጥያቄው፣ ችግሩ ሲወገድ አብሮት ምን ተወገደ የሚለው ነው።

እንግዳ ያለ አስተናጋጅ

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት የእንግድነትን ነገር አንሥቷል። በእርሱ አስተሳሰብ ማንም ሰው በሰላም እስከመጣ ድረስ በሌላው ምድር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው። መሬት ክብ ናትና ሰዎች ያለ ወሰን ተበታትነው ሊኖሩ አይችሉም፤ መገናኘታቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ ይህ የመጎብኘት መብት እንጂ በሰው ቤት የመስተናገድ መብት አይደለም። ለመስተናገድ የተለየ ስምምነት ያስፈልጋል።

የእኛ ወግ ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። መሽቶበት በር ያንኳኳ መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ይባላል። ስምምነት አይጠየቅም፤ እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል። በካንት ዘንድ መስተናገድ ስምምነት የሚሻ ነገር ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ማስተናገድ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይጋራሉ፤ እንግዳው ይታያል። በካንትም ድርሰት፣ በገበሬው ደጃፍም እንግዳ ማለት ራሱን የሚያስታውቅ፣ «እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ» የሚል ሰው ነው። ማንነቱን ሳይናገር፣ የማንንም በር ሳያንኳኳ አገር የሚያቋርጥ ሰው ምን ይባላል? ለዚህ በቋንቋችን የተመቸ ስም አላገኘሁም። እንግዳ እንዳንለው አስተናጋጅ የለውም፤ ባለአገር እንዳንለው አገሩ አይደለም።

ምናልባት አንባቢ «ሆቴል የሚያድር፣ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የማን አስተናጋጅ ያስፈልገዋል?» ይል ይሆናል። በደኅናው ቀን እውነት ነው፤ ደኅናው ቀን ደግሞ ይበዛል። እንግድነት ግን የተሠራው ለክፉ ቀን ነው። ከታመሙ፣ ከተዘረፉ፣ ከታሰሩ ወይም መርዶ ከመጣ ካርታው አይበቃም፤ ሰው ያስፈልጋል። ሰው ደግሞ በክፉው ቀን ጠዋት ተፈልጎ አይገኝም፤ አስቀድሞ የተዋወቁት መሆን አለበት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ስለዚህ ነው።

መሰወርና መጥፋት

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሰው ሁሉ ሁልጊዜ መገኘት አለበት» የሚል ቢኖር ግን አልስማማም። አለመገኘት ለአንዳንድ ሰው ሕይወት ነው።

ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኛነት የሄዱ እኅቶቻችንን ነገር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዶቹ ገና በር ሲገቡ ፓስፖርታቸውንና ቀፎአቸውን ይነጠቃሉ። ለእንዲህ ያለች ሴት በልብሷ እጥፋት የደበቀችው ሲም ካርድ ከደመወዟ ይበልጣል። አሠሪዋ ከሚያውቀው ቁጥር ወጥታ አሠሪዋ ወደማያውቀው ቁጥር ስትሻገር የምታደርገው ክሕደት አይደለም፤ ራስን ማዳን ነው። ከሚያሳድደው መንግሥት የሸሸ ስደተኛ፣ ከሚደበድባት ባል ያመለጠች ሚስት፣ አስኮብላይ ደላላ የሚፈልገው ወጣት ሁሉ የድሮ ቁጥራቸውን የመጣል መብት አላቸው። ከዚህ ዝቅ ብሎም፣ ቀንና ሌሊት ሲደወልለት የኖረ ሰው ለጥቂት ቀናት ማረፍ ቢፈልግ ሊነቀፍ አይገባውም። ሁልጊዜ መገኘትን በሰው ላይ መጫን ሌላ ዓይነት ባርነት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ መሰወርና መጥፋት። የተሰወረ ሰው ከማን እንደተሰወረ ያውቃል። ከአሠሪዋ የተሰወረችው ሴት ያለችበትን ለእኅቷ ትነግራለች፤ መሰወሯም የሚሳካው የምታምነው ሰው ስላለ ነው። የጠፋ ሰው ግን ከማንም ለመሸሽ አላሰበም፤ የሚፈልገው ሰው ይኖር ይሆን ብሎ አለማሰቡ ብቻ ነው። እኔ ዱባይ ላይ አልተሰወርኩም፤ ጠፋሁ እንጂ። መሰወር ምክንያት ያለው ሥራ ሲሆን፣ መጥፋት ቸልተኝነት ነው። ሕሊና የሚጠይቀን ስለ ሁለተኛው ነው።

የተሰጠ ቁጥር የተሰጠ ቃል ነው

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፖል ሪኮር በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሰው ማንነት ሲመረምር ሁለት ዓይነት «ያው መሆን» እንዳለ አስረድቷል። አንደኛው እንደ ዕቃ ሳይለወጡ መቆየት ነው፤ መልክ፣ ጠባይ፣ የጣት አሻራ። ሁለተኛው ቃልን በመጠበቅ ያው መሆን ነው። ሰው መልኩ ቢለወጥ፣ ሐሳቡ ቢለወጥ፣ የተናገረውን ቃል ሲጠብቅ ግን ያው ሰው ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው ያው መሆን ሌላ ሰውን ይፈልጋል፤ ቃል የሚሰጠው ለሌላ ሰው ነውና።

ይህ ልዩነት ለያዝነው ነገር በጣም ይስማማል። ሲም ቢለወጥ ሰውየው ተለወጠ ማለት አይደለም። ከ251 ወደ 254፣ ከ254 ወደ 971 መሸጋገር ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ለሰው ቁጥር ስንሰጥ አኃዝ ብቻ አልሰጠንም፤ «ብትፈልገኝ በዚህ አለሁ» ብለናል። በእኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ነገር ሪኮርን ሳንጠብቅ የቆየ ስም አለን፤ አደራ ይባላል። አደራ ደግሞ ሁለት ወገን አለው። ቁጥራችንን የተቀበለው ሰው ለማይገባው እንዳይሰጥብን አደራ አለበት። እኛም ቁጥሩ ዝም ብሎ እንዳይሞትበት አደራ አለብን። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው አባባል የሚከብደው አደራውን የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። መስመሬን ስዘጋ ማንም አልከሰሰኝም፤ ማንም አላየኝም።

ቸል የተባለ ቁጥር በዘመናችን የሚያስከትለው ጉዳትም ከፍቷል። ባንኮች የማረጋገጫ ኮዳቸውን የሚልኩት ወደ ቁጥር ነው፤ ኤምፔሳም ሆነ በ2021 አገልግሎት የጀመረው ቴሌብር የተከፈቱት በቁጥር ነው። የተጣለው ቁጥር ለሌላ ሰው ሲሰጥ፣ ያ ሰው ምንም ሳያጠፋ በእኛ መልእክት ላይ ይሰየማል። አንዲት እናት የልጇን የድሮ ቁጥር ደውላ የማታውቀው ሰው ድምፅ ስትሰማ የሚሰማትን ድንጋጤ አስቡ። «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» ብትል ማን ይፈርድባታል?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ መንገደኛ የመገኘት ግዴታ አለበትን? አዎን፣ አለበት ባይ ነኝ፤ ግን ለሁሉም አይደለም፤ ሁልጊዜም አይደለም። ግዴታው አንድ ሰው በአገር ቤት፣ አንድ ሰው በደረሱበት ከተማ እውነተኛ አድራሻን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ቀድሞ ይህን የሚያስፈጽምልን ችግር ነበር። ቋንቋ አለማወቃችን፣ ካርታ አለመኖሩ፣ ካርድ ፍለጋ መንከራተታችን ሳንወድ ከሰው ያገናኘን ነበር። ያ ችግር ሲነሣልን፣ በግድ ስናደርገው የኖርነውን በፈቃድ ማድረግ ወደ እኛ ተላለፈ። የቀለለው መንገዱ እንጂ ግዴታው አይደለም።

ፍልስፍና እዚህ ላይ ወደ ትንንሽ ሥራዎች ይወርዳል። ሁለት መስመር በሚይዝ ቀፎ ኢሲሙን ለኢንተርኔት አድርጎ፣ የአገር ቤቱን መስመር ኢንተርኔቱን ብቻ አጥፍቶ ክፍት መተው ይቻላል፤ አጭር መልእክት መቀበል ብዙ ጊዜ አያስከፍልም። ጥሪ የሚያስከፍል ከሆነም ደዋዩን አይቶ አለማንሳትና በሌላ መንገድ መልሶ መደወል ይቻላል፤ ሚስኮል ያስተማረን ሕዝብ ነንና። የሆቴሉን ስምና የክፍሉን ቁጥር ለአንድ ሰው ጽፎ መላክ ደቂቃ አይወስድም። ለዘለቄታው የሚለወጥ ቁጥር ካለ ከመጣሉ በፊት ለባንክ፣ ለቤተሰብና ለወዳጅ ማስታወቅ ይገባል። «የት አረፍክ?» ለሚል ሰው ደግሞ ያረፉበትን መንገር ነው። ይህ ጥያቄ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረው ያለ ነገር አይደለም።

የጀመርኩትን ታሪክ ልፈጽም። ያን ዕለት ማታ፣ አድራሻዬን ለናይሮቢው ወዳጄ ከጻፍኩለት በኋላ፣ ሁለቱ ሰዎች ሆቴሌ መጡ። አንደኛው ቡና በፔርሙዝ፣ ሌላኛው ዳቦ በላስቲክ ይዘዋል። ዘግይተው በመድረሳቸው ጥፋቱ የእነርሱ ይመስል ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁኝ። እስከ እኩለ ሌሊት አብረውኝ ተቀመጡ፤ ስለማያውቋት አክስቴም እየጠየቁ አስወሩኝ። ሊሄዱ ሲነሡ ታላቅየው ቀፎውን አውጥቶ «ነገ እንደውልልህ፣ ቁጥርህን ንገረን» አለኝ።

የምሰጠው ቁጥር አልነበረኝም። በማግሥቱ ጠዋት ፓስፖርቴን ይዤ ሲም ገዛሁና ለሁለቱም ደወልኩላቸው። ከዚያ አገር ልወጣ የቀረኝ አራት ቀን ብቻ ነበር።